የጊኒ ፒግ ቆዳና የቀለም ቀማሚ እጅ

ማንኛውም የኬሚካል በርሜል ወደ ቀለም ፋብሪካ ሲገባ የደኅንነት መረጃ ሰነድ የሚባል ወረቀት አብሮት ይመጣል። ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፤ የሚያነበው ሰው ከተገኘም አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የአደጋ ምልክቶች የተደረደሩበትን ክፍል 2ን ብቻ ነው። በኬሚስትነት በምሠራበት ቦታ እነዚህን ወረቀቶች አንብቦ ማስቀመጥ የእኔ ድርሻ ስለሆነ፣ ከጊዜ በኋላ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ክፍል 11 ሆኗል። ክፍል 2 «ኤች 317፤ የቆዳ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ ክፍል 11 ግን ያ ፍርድ በማን ቆዳ ላይ ተፈትኖ እንደተገኘ ይናገራል። በውኃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ቀለም በባክቴሪያ እንዳይበላሽ ለሚጨመረው ሜቲልአይሶታያዞሊኖን ለተባለው ማቆያ የተጻፈው ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ እንስሳው ጊኒ ፒግ (ጅራት አልባ፣ ከአይጥ ዘመዶች የሆነች ትንሽ እንስሳ)፣ ዘዴው ማክሲማይዜሽን፣ ውጤቱ አለርጂ አምጪ።

ስለዚያች መስመር ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው ይህን የምጽፈው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሲድ ቆዳን ሲያቃጥል ጉዳቱ ወዲያው ይታያል፤ የሚጎዳውም የነካውን ሁሉ ነው። አለርጂ ግን በሁለት ደረጃ የሚመጣና ሰው የሚመርጥ ነገር ነው። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሞለኪውል፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በታች የሆነ፣ የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ይገባል። ብቻውን ሳለ የሰውነታችን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት አያየውም፤ ከቆዳችን ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ግን የራሳችን የነበረው ፕሮቲን የባዕድ መልክ ይይዛል። ላንገርሃንስ የሚባሉት የቆዳ ሴሎች ይህን ባዕድ ይዘው በቅርብ ወዳለው የሊምፍ ዕጢ፣ ሲያብጥ ንፍፊት ወደምንለው፣ ይወርዳሉ፤ እዚያም ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች መልኩን ለይተው ይባዛሉ። እስከዚህ ድረስ ሰውየው ምንም አይሰማውም። በሌላ ቀን ያንኑ ኬሚካል ሲነካ ግን የተዘጋጁት ሴሎች ይነሣሉ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ እንቅልፍ እስኪነሣ ድረስ ያሳክካል። የሴሎቹ ትውስታ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ስለሚዘልቅ፣ አንድ ጊዜ አለርጂክ የሆነ ቀለም ቀቢ ከዚያ ወዲያ በጥቂት ጠብታም ይታመማል። እንግዲህ አንድ ኬሚካል እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ለማወቅ በአንድ ቀን ሙከራ አይቻልም፤ አስነክቶ መጠበቅ፣ ከዚያም ደግሞ ማስነካት የግድ ነው። የእንስሳት ምርመራው አሠራር በሙሉ ከዚህ የተወለደ ነው።

ጊኒ ፒግ ለዚህ ሥራ የታጨችው በ1935 ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። የደም ዓይነቶችን በማግኘቱ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ካርል ላንድሽታይነር በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ተቋም ከጆን ጄኮብስ ጋር ሆኖ፣ ዳይናይትሮክሎሮቤንዚንን የመሳሰሉ ቀላል ኬሚካሎች ጊኒ ፒግን አለርጂክ ሊያደርጓት እንደሚችሉ ያሳየው በዚያ ዓመት ነበር። በ1942 ደግሞ ከሜሪል ቼዝ ጋር ባደረገው ሥራ አለርጂው ከአንዷ ጊኒ ፒግ ወደ ሌላዋ በሴሎች አማካይነት እንደሚተላለፍ ታየ። ስለ ንክኪ አለርጂ ዛሬ የምናውቀው ትልቁ ክፍል መሠረቱ የእነዚህ እንስሳት ጎን ነው። አንድ የሚገርም ዝምድናም አለን፦ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት ስለማትችል፣ የምርመራው መመሪያ ራሱ ቫይታሚኑ በምግቧ ውስጥ እንዲሟላ ያዛል።

ማክሲማይዜሽን የሚባለው ዘዴ ግን በቀጥታ ከእንስሳ አልተጀመረም፤ ከእስር ቤት ነው የመጣው። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን በፊላደልፊያ ከተማ ሆልምስበርግ በሚባለው እስር ቤት ከ1951 እስከ 1974 በዘለቁት የሰው ላይ ሙከራዎች ዋነኛው ሰው ነበር፤ ከታሳሪዎቹም አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በ1966 ያሳተመው የአለርጂ መለያ ዘዴ የታሳሪዎቹን ቆዳ አስቀድሞ ሳሙና ውስጥ በሚገኝ ኬሚካል አስቆጥቶ፣ የሚመረመረውን ነገር በዚያው ቦታ ላይ ደጋግሞ በማሸግ ይሠራ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ከስዊድናዊው በርቲል ማግኑሰን ጋር ሆኖ ተመሳሳዩን ሐሳብ በጊኒ ፒግ ላይ አዋለው፤ ዓለምም በስማቸው ተቀበለው። የፊላደልፊያ ከተማ ስለ ሆልምስበርግ በይፋ ይቅርታ የጠየቀችው በ2022 ነው። «ለምን እንስሳ ይሠቃያል?» የሚለውን ጥያቄ ከልቤ ስጠይቅ ይህ ታሪክ ይመጣብኛል፤ ጊኒ ፒጓ የገባችበት ቦታ ባዶ ስላልነበረ። ለእርሷ የሚገባትን ርኅራኄ አይቀንስም፤ ነገር ግን ጥያቄውን «እንስሳ ወይስ ማንም» አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ከእርሷ በፊት ማን እንደነበረ የዘነጉ ይመስለኛል።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። በ1992 በታደሰው የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 406 መሠረት ቢያንስ 10 እንስሳት ኬሚካሉን ይወስዳሉ፣ ቢያንስ 5 ደግሞ ለማነጻጸሪያ ይቀመጣሉ፤ ውጤቱ ካላጠገበ ቁጥሩ ወደ 20 እና 10 ያድጋል። በመጀመሪያው ቀን የእንስሳዋ ትከሻ ተላጭቶ ሦስት ጥንድ መርፌ፣ እያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ቆዳዋ ውስጥ ይወጋል። አንዱ ጥንድ ኬሚካሉ ብቻ ነው፤ አንዱ ፍሮይንድ አጁቫንት የሚባለው፣ በዘይት ውስጥ የተበጠበጠ የሞተ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው፤ ሦስተኛው የሁለቱ ድብልቅ ነው። አጁቫንቱ የመከላከያ ሥርዓቱን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ስለሆነ ደካማ አለርጂ አምጪ እንኳ እንዳያመልጥ ያደርጋል፤ ዋጋው ደግሞ የተወጋው ቦታ መቁሰሉና ማመሙ ነው። ከሳምንት በኋላ በዚያው ትከሻ ላይ ኬሚካሉ የተነከረበት ጨርቅ ለ48 ሰዓት ታሽጎ ይቆያል፤ ኬሚካሉ በራሱ ቆዳ የማያስቆጣ ከሆነ ቦታው በዋዜማው በቫዝሊን የተለወሰ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት፣ ያው የሳሙናው ኬሚካል፣ ይቀባል፤ ከሆልምስበርግ የተወረሰው ደረጃ ይህ ነው። ከዚያ ይጠበቃል። ከተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ግድም ጎኗ ተላጭቶ የማያስቆጣ መጠን ያለው ኬሚካል ለ24 ሰዓት ይታሸግበታል፤ ሲነሣም ቆዳው በማግሥቱና በሠልስቱ ይነበባል።

የሚነበበው ቅላቱ ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ ዜሮ፣ ፈዘዝ ያለ ወይም እዚህም እዚያም ብቅ ያለ ቅላት ከሆነ 1፣ መካከለኛና ሳይቆራረጥ የተያያዘ ከሆነ 2፣ በጣም ቀልቶ ካበጠ 3 ይሰጠዋል። አጁቫንት በተጨመረበት በዚህ ዘዴ ከእንስሳቱ ቢያንስ 30 በመቶው ምላሽ ከሰጡ ኬሚካሉ አለርጂ አምጪ ተብሎ ይመደባል። አጁቫንት የሌለበት፣ በኤድዊን ቡህለር ስም የሚጠራው የ1965ቱ ዘዴ ደግሞ 15 በመቶ ይበቃዋል። እንስሳቱ በብዙ ቤተ ሙከራ ደንኪን ሃርትሌይ የሚባሉት ነጫጮቹ ናቸው፤ ቀይ ነገር በነጭ ቆዳ ላይ በደንብ ይታያልና።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛ ቀለም የምንቀምም ሰዎች ነጭ ቆዳ የለንም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የንክኪ አለርጂ እንደ ቅላት ሳይሆን እንደ ወይን ጠጅ ወይም እንደ ግራጫ ጥላ ሊታይ ይችላል፤ ቁጣው ሲበርድም ቦታው ጠቁሮ፣ ወፍሮና ሻክሮ ይቀራል። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ቀለም ቀማሚ አሉ። በጣቶቻቸው መካከል ያለው ቆዳ ከቀረው እጃቸው ሁለት እጥፍ የጠቆረ ነው፤ በአውራ ጣታቸው ሥር ደግሞ ክረምት ከበጋ የማይድኑ ስንጥቆች አሉ። ማንም «ቀላ» ብሎ አያውቅም። «ጋሼ፣ ጓንቱን ምነው አላደረጉትም?» ስላቸው «ልጄ፣ በጓንት ከሆነ መወፈር መቅጠኑን እጄ አያውቀውም» አሉኝ፤ ቀጠሉናም «ደሞ ይሄ የምች ይሆናል፤ ስንት ዓመት ስነካው ምን አደረገኝ?» አሉ። አነጋገራቸው የዋዛ አይደለም፤ ስንት ዓመት መንካትና ደኅና መሆን የአለርጂ ጠባይ እንጂ የአለርጂ ማስተባበያ አይደለምና። የእርሳቸው ችፌ ከማቆያው ይሁን፣ ከሲሚንቶ ይሁን፣ እጃቸውን ከሚታጠቡበት ማቅጠኛ ይሁን፣ በሐኪም እጅ ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ በሚነበብ ምርመራ ብቻ ነው የሚለየው። ቀማሚው ያንን እስኪያገኙ ድረስ ያለኝ ማስረጃ የጊኒ ፒጓ ብቻ ነው።

ከ2002 ወዲህ ሌላ ዘዴ መጥቷል፤ የሊምፍ ዕጢ ምርመራ ይሉታል። ሲቢኤ የሚባሉ ሴት አይጦች ለሦስት ተከታታይ ቀናት በጆሯቸው ጀርባ 25 ማይክሮ ሊትር ኬሚካል ይቀባሉ። በስድስተኛው ቀን ጨረር አመንጪ የሆነ ታይሚዲን (ሴሎች ሲባዙ ዲኤንኤ የሚሠሩበት ንጥረ ነገር) በጅራታቸው ደም ሥር ይወጋና፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ተገድለው ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ ይወጣል። በዕጢው ውስጥ የተባዙት ሴሎች ካልተቀቡት አይጦች ጋር ሲነጻጸሩ ሦስት እጥፍ ከደረሱ ኬሚካሉ አለርጂ አምጪ ነው። አጁቫንት የለም፤ ሁለተኛው ንክኪ ስለሌለ እንስሳው እስኪያብጥና እስኪያሳክከው አይጠበቅም፤ የሚያስፈልገውም እንስሳ ያንሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ዓይን በቅላት ላይ ይሰጥ የነበረውን ነጥብ በቁጥር መተካቱ ነው፤ ስንት በመቶ መጠን ላይ ሦስት እጥፍ እንደተደረሰ ስለሚያሳይ፣ ኃይለኛውን ከደካማው መለየት ተቻለ።

ይህም ዘዴ ግን የማያየው ነገር አለ። በዓለም ላይ ብዙ ሰው አለርጂክ የሚሆንበት ብረት ኒኬል ነው፤ የርካሽ ጉትቻና የቀበቶ ዘለበት ሽፍታ አብዛኛው የእርሱ ሥራ ነው። የአይጡ ምርመራ ግን ኒኬልን ንጹሕ ብሎ ያሳልፈዋል። በ2010 የጀርመን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት፦ ኒኬል የሰውን የመከላከያ ሥርዓት የሚቀሰቅሰው ቲኤልአር 4 በተባለ ፕሮቲን ላይ ያሉ ሂስቲዲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶችን ይዞ ሲሆን፣ በአይጥ ፕሮቲን ላይ እነዚያ ሂስቲዲኖች በቦታቸው የሉም። ለእንስሳት ምርመራ የሚከራከር ሰው ይህን ምሳሌ ሳያነሣ ሲያልፍ ስሰማ አልወድም።

የማቆያው ታሪክ ግን ተቃራኒውን ያሳያል፤ እኔንም ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። ሜቲልአይሶታያዞሊኖን መጀመሪያ ገበያ የወጣው ብቻውን አልነበረም፤ በ1980ዎቹ ሜቲልክሎሮአይሶታያዞሊኖን ከተባለ ወንድሙ ጋር አንድ ለሦስት ተቀላቅሎ ነበር። ድብልቁ በአውሮፓ ብዙ ሰው አለርጂክ ካደረገ በኋላ በመዋቢያዎች ውስጥ ከሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በእንስሳት ምርመራ ክሎሪን ያለበት ወንድሙ እጅግ ኃይለኛ፣ ሜቲልአይሶታያዞሊኖን ደግሞ ከእርሱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ደካማ ማለት ግን አይጎዳም ማለት አልነበረም፤ በጊኒ ፒግም በአይጥም አለርጂ አምጪነቱ ታይቷል። የሆነው ግን «ደካማው ብቻውን ይሻላል» ተብሎ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀለምና ሙጫ ውስጥ ገባ፤ በ2005 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት መዋቢያዎች ውስጥ እስከ ከሚሊዮን 100 እጅ ተፈቀደ። ሂሳቡን ራሴ ሠርቼዋለሁ፦ በድብልቁ ውስጥ የእርሱ ድርሻ ከሚሊዮን አራት እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ከ25 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ደካማ ኬሚካል በብዙ ሲቀባ ኃይለኛው በጥቂቱ ሲቀባ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ይህን ለማወቅ አዲስ እንስሳ መግደል አያስፈልግም ነበር።

መጀመሪያ የታመሙት ሠራተኞቹ ናቸው። በ2006 የዴንማርክ ሐኪሞች ከቀለም ፋብሪካ የመጡ ሕመምተኞችን መዘገቡ። ከዚያ ክሬም የሚቀቡ ሴቶች፣ ከዚያም ዋይፕስ በሚባሉት እርጥብ መጥረጊያዎች ልጆቻቸውን የሚጠርጉ እናቶችና ልጆቹ ራሳቸው መጡ። አዲስ የተቀባ ቤት ውስጥ በመግባት ብቻ ፊታቸው የሚያብጥ ሰዎችም ተገኙ፤ ማቆያው ከደረቀ ቀለም ላይ ለሳምንታት ወደ አየር ይተናልና። በ2013 የአሜሪካ የንክኪ ቆዳ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ ሰየመው፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት የሳይንስ ኮሚቴ ተቀብቶ በሚቆይ መዋቢያ ውስጥ ደኅና የሚባል መጠን እንደሌለው ደመደመ። ክልከላው በ2016 ወጣ፤ ታጥበው ለሚለቁት ሻምፖና ሳሙናም በ2017 ከሚሊዮን 15 እጅ ብቻ ተተወለት። ከግንቦት 2020 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ ቀለም ከሚሊዮን 15 እጅና ከዚያ በላይ ካለበት ኤች 317ን ጣሳው ላይ እንዲጽፍ ተገድዷል።

እንስሳቱ የተጠየቁትን በትክክል መልሰው ነበር። ጥፋቱ በምርመራው አልነበረም፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ መጠኑን በወሰነው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስለ እንስሳት ምርመራ የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ ስለ ሥቃዩና ስለ ትክክለኛነቱ ነው፤ ሁለቱም ተገቢ ናቸው። እኔ ግን ሦስተኛ ቅሬታ አለኝ፦ በተከፈለው ሥቃይ የተገኘው እውቀት ሲናቅ፣ ያው ምርመራ በሰው ቆዳ ላይ ያለ መመሪያ፣ ያለ ማነጻጸሪያ፣ ያለ ፈቃድ ይደገማል።

አሁን ያለ እንስሳ የሚሠሩ ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ኬሚካሉን ከሰው ሠራሽ አጫጭር ፕሮቲኖች ጋር ለ24 ሰዓት አቆይቶ ምን ያህሉ እንደተጣበቀ ይለካል፤ ሁለተኛው አደጋ ሲሰማቸው ብርሃን እንዲሰጡ የተደረጉ የቆዳ ሴሎችን ይጠቀማል፤ ሦስተኛው ቲኤችፒ 1 በተባሉ የደም ሴሎች ላይ የሚወጡ ምልክቶችን ያነባል። በ2021 የጸደቀው የኦኢሲዲ መመሪያ 497 ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ ለፍርዱ ይበቃል ይላል። የአውሮፓ የኬሚካል ሕግም ከ2016 ጀምሮ ወደ አይጥ ከመሄድ በፊት እነዚህ እንዲቀድሙ ያዛል። ጊዜው የዘገየ ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው። ያለ ሥጋና ደም የሚሠሩ ናቸው እንዳንል ግን፣ ቲኤችፒ 1 ሴሎች የተገኙት በደም ካንሰር ከታመመ የአንድ ዓመት ወንድ ልጅ ነው፤ በየቤተ ሙከራው እስከ ዛሬ ይባዛሉ። ጉዳዩም በሕግ አልተቋጨም። በአውሮፓ በእንስሳ ላይ የተፈተነ መዋቢያ ከ2013 ጀምሮ መሸጥ ቢከለከልም፣ ያንኑ ኬሚካል የሚያመርቱ ሠራተኞችን ለመጠበቅ የሚጠየቅ የእንስሳት ምርመራ በዚያ ክልከላ እንደማይቀር የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት በ2023 ወስኗል። ሠራተኛው ከሸማቹ ብዙ እጥፍ ስለሚነካ ውሳኔው አይገርመኝም። የኬሚካሉ ኃይል ሳይታወቅ እጁን በርሜል ውስጥ የሚከት ሰው እንዲኖርም አልሻም፤ ለአሮጌዎቹ ኬሚካሎች ግን መልሱ መዝገብ ውስጥ ስላለ ደግሞ መፈተን ነውር ነው።

አቅራቢዎች ሰሞኑን በሜቲልአይሶታያዞሊኖን ፋንታ ቤንዝአይሶታያዞሊኖን ይዘው ይመጣሉ። እርሱም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ሰነዱም ላይ ያው ኤች 317 አለ። ሌላ መንገድ አለ። ኖራና ሲሊኬት ቀለሞች ፒኤቻቸው (የአሲድነትና የአልካሊነት ልኬታቸው) ከ11 በላይ ስለሆነ ባክቴሪያ አያድርባቸውም፤ ማቆያም አይፈልጉም። በአውሮፓ ለአለርጂክ ሰዎች የሚመከሩት የውስጥ ቀለሞች ብዙዎቹ ሲሊኬት ናቸው፤ ኖራን ደግሞ እኛ ራሳችን ከጥንት ጀምሮ ግድግዳ ስንቀባበት ኖረናል። ያቃጥላሉ፤ ዓይን ከገቡም ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት ያለ ክርክር ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ቃጠሎው በነካበት ሰዓት ይታወቃል፤ እንደ አለርጂ በሰውነት ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ዕድሜ ልክ አይከተልም። ከውስጥ ቀለሞቻችን አንዱን ወደ ሲሊኬት እንድንቀይር፣ እስከዚያውም ቀማሚዎቹ ውፍረቱን በእጅ ሳይሆን በመለኪያ ጽዋ እንዲያውቁ ለባለቤቱ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ጽዋው ተፈቅዷል። ስለ ሲሊኬቱ የተጠየቅኩት በሊትር ስንት ብር እንደሚጨምር ነው፤ ስሌቱን እየሠራሁ ነው።